የጥቁሬ ሜዳ ሸረሪት በማን ስም ትጠራ?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ከባቲ ወደ ቆላው ስትወርዱ ጀሪቦ በምትባል መንደር ሦስት ልጆች ያሏቸው አንዲት እናት ነበሩ። ከመቀጠሌ በፊት ግን እግራችሁን ሰብስቡ። ታሪኩ የሸረሪት ነው፤ ሸረሪቷም ድር የምታደራዋ ሳትሆን መሬት ለመሬት የምትሮጠዋ ናት። አንተ ደግሞ አሁን ቁርጭምጭሚትህ ላይ የተሰማህ ነገር ጉንዳን ይሆናል። ይሆናል ነው ያልኩት።

እናትየው እትዬ ዘሐራ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ቤቱ የሚኖረው በዘጠኝ ቀፎ ንብ ነው። ቀፎዎቹ የተሰቀሉት ጥቁሬ የሚባል ሜዳ ዳር ካሉ ግራሮች ላይ ነው። ጥቁሬን ያላያችሁ፣ አንድ ሰው ከሰማይ ጥቁር ድንጋይ በጆንያ ሲዘረግፍ ውሎ የሄደ አስመስላችሁ አስቡት። ከድንጋዩ መሃል ደረቅ ሣርና እሬት አለ፤ ንቦቹም የእሬቱን አበባ ይወዱታል። ሌላ ማንም ጥቁሬን አይወደውም።

ትልቁ ልጅ ሙሄ ነው። የሙሄ ስጦታ እጁ ነው። ፊቱን ሳይሸፍን ማር ይቆርጣል፤ ንብ እንኳ እሱ ላይ መናደድ ይሰለቻታል። ቀስታው ግን ሰው ያናድዳል። ጫማውን አስሮ እስኪነሳ ሌላው ገበያ ደርሶ ይመለሳል።

መሃለኛዋ ፋጤ ናት። የሷ ስጦታ ዐይኗ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዶክተር ሶስና የምትባል የሸረሪት አጥኚ ጥቁሬ መጥታ ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ስታገላብጥ ከርማ ነበር። ፋጤ ቦርሳዋን ተሸክማ ስትከተላት ሰነበተች፤ ዶክተሯም ስትሄድ አንዲት አጉሊ መነጽርና ሸረሪት መለያ የሆነ የወረቀት ጥራዝ ሰጠቻት። ጥራዙ ጥያቄ ብቻ ነው። ዐይኗ በሁለት ረድፍ ከሆነ ወደ ቁጥር አራት ሂጂ፣ ካልሆነ ወደ ቁጥር ዘጠኝ ሂጂ ይላል፤ እንዲህ እያለ ስሟ ጋ ያደርሳል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በትንሹ ያመለጣት ፋጤ ጥራዙን በቃሏ ያዘችው። ያየችውንም በእርሳስ ስትስለው ወረቀቱ ላይ ሊሮጥ የደረሰ ይመስላል።

ትንሿ ሰዓዳ ናት። ሰዓዳ ምን ስጦታ አላት ብትሉ መንደሩ በሙሉ ምንም ይላችኋል። ያላት ቀልድ ነው። አንድ ሰርግ ላይ የቴምር ፍሬ በጥቁር ክር አስራ በእንግዶች እግር መሃል ስትጎትተው ሦስት ሴቶች ጠረጴዛ ላይ ወጥተዋል። አንድ ሌላ ቀን ደግሞ የጎረቤት ፍየል ገደል ገባች ብላ ሮጣ መጣች። ማንም አልተነሳም። ፍየሏ ግን እውነትም ገብታ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት የጎረቤታቸው የከድጃ ልጅ፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ሐሊማ፣ ከተኛችበት ስትጮህ ተገኘች። እግሯ አብጧል፣ ሰውነቷ በትኩሳት ይነድዳል። ከድጃ ጨርቁን ስታራግፈው የደረቀ ሣር የመሰለች፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር መስመር ያለባት ሸረሪት ወድቃ ወደ ጥቁሬ ሮጠች። ሁሉም አያት። ባትሮጥ ምናልባት እሷ ላትሆን ትችላለች ይሉላት ነበር፤ መሮጧ ግን ጥፋተኛ አስመሰላት። ሐሊማን አዝለው ጤና ኬላ ወሰዷት፣ እዚያም አስተኟት።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መስጊዱ ጥላ ስር ተቀምጠው ወሰኑ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የጥቁሬ ሣር ይቃጠላል፣ ድንጋዩ ላይም የተባይ መርዝ ይረጫል። መርዙ ከነመርጫው ተዘጋጅቶ ነበር። እትዬ ዘሐራ ብድግ ብለው ስለ ንቦቻቸው ጠየቁ። በዚያ ሙቀት ቀፎ ከዛፉ ቢወርድ ንቡ ጥሎ ይሄዳል፤ ባለበት ቢቀር ደግሞ መርዝ የነካውን አበባ ቀስሞ ያልቃል።

ትልቁ ሽማግሌ ሸህ አረቡ ክፉ ሰው አይደሉም። ቀስ ብለው፣ «ዘሐራ፣ ንብ ይተካል። ይህቺ ልጅ ብትሞት ለከድጃ ምን ብለን እንመልሳለን?» አሏቸው።

እትዬ ዘሐራም እናት ናቸውና ተመልሰው ተቀመጡ። ሽማግሌው ግን አንድ ነገር ጨመሩ። እስከ ዓርብ ድረስ የሸረሪቷን ምንነት የሚያውቅ፣ ጉዳት የላትም ብሎ የሚመሰክር ከተገኘ ይሰሙታል። ካልተገኘ ግን እሳቱ አይቀርም።

አምስት ቀን። ቁጠሯቸው፣ እነሱም እየቆጠሩ ነበር።

መጀመሪያ የተነሳው ሙሄ ነው። ፋጤ የነገረችው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ሸረሪት ካላደገች አትለይም፤ ወንዱም ሴቷም የሚታወቁት ለአካለ መጠን ሲደርሱ በሚወጣላቸው ምልክት ነው። ሁለተኛ፣ የተያዘችው እንዳትበሰብስ አልኮል ያለው ፈሳሽ ውስጥ መቀመጥ አለባት። ጤና ኬላው አልኮል አልቆበታል። ሰኞ የባቲ ገበያ ነውና ሙሄ ሄዶ ከአንዲት ሴት ዳግም አረቄ፣ ሁለቴ የወጣውን ኃይለኛውን፣ በውሃ ፕላስቲክ ገዛ። ሴትዮዋ ለማን ነው ብትለው፣ እውነተኛ ሰው ነውና፣ ለሸረሪት ነው አላት። ሳቋ ከሱ ቀድሞ ጀሪቦ ገባ። የእትዬ ዘሐራ ልጅ፣ የዚያ ሶላት የማይቀርበት የነበረው የሟቹ ልጅ፣ አረቄ ጀመረ ተባለ። ሙሄ ዘይነባ የምትባል ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልኮ መልስ እየጠበቀ ነበር። በማግስቱ የዘይነባ አባት መልሱ ይዘገያል ብለው ላኩበት።

ሙሄ ግን ጥቁሬ ወርዶ ድንጋይ ማገላበጥ ጀመረ። እያንዳንዱን ያነሳል፣ ስሩን ያያል፣ እንደነበረ መልሶ ያስቀምጠዋል። ማክሰኞ ማታ ከአርባ በላይ ይዞ መጣ፤ ፋጤ በመነጽሯ አንድ በአንድ አይታ ሁሉንም ልጅ ናቸው ብላ መለሰቻቸው። ሙሄ፣ መታወቂያ ያላት ሸረሪት ካለች ንገሪኝና እሷን ልፈልግ አላት፤ ሲቆጣ ከዚያ በላይ አይሄድም። ረቡዕ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጣቱ ተልጦ፣ ጥፍሩ ተሰብሮ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስር ነጭ የሐር ከረጢት አገኘ። ውስጡ ጀርባዋ ላይ ያ ጥቁር መስመር ያለባት፣ ያደገች ሴት ነበረች። ከጎኗ ደግሞ ወንዱ፣ ፊቱ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ እጆች ጫፋቸው አብጦ፣ ጓንት ያጠለቀ መስሎ ቆሟል። ሴቷን አረቄው ውስጥ አስገባት። ወንዱን በሕይወቱ በብልቃጥ ያዘው። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የድንጋዩን ዓይነት በእርሳስ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከሴቷ ጋር ከተተ፤ በእስክሪብቶ ቢጽፈው አረቄው ያጥበው ነበር።

ከዚያ የፋጤ ተራ ሆነ። ሐሙስ ከንጋት ጀምራ ጥራዟን ገልጣ ተቀመጠች። ዐይን ስምንት፣ በሁለት ረድፍ። ከኋላዋ ክር የሚወጣባቸው ሁለት ጎላ ያሉ ቱቦዎች፣ ተራርቀው። የእግሯን እሾህ ቆጠረች፣ ከሆዷ ስር ያለውን ምልክት ሳለች፣ የወንዱንም እጅ ሳለች። ጥራዙ ከቁጥር ወደ ቁጥር እየመራ ወሰዳትና መጨረሻው ላይ ሦስት ስም ብቻ ቀረ። አንዱም አልሆነም። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች። እዚያው ቦታ ደረሰች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር እርሳሷ ዶልዱሞ ስለነበር እናቷ ቀርጸው ሰጧት፤ ሌላ የሚያደርጉት ነገር አልነበራቸውም።

ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ነው። ፋጤ ወጥታ የሥዕሎቿን ፎቶ ለዶክተር ሶስና ላከች፣ ከዚያም ደወለች። ዶክተሯ አንድ በአንድ ካየቻቸው በኋላ፣ ሥዕሎቹ ትክክል ከሆኑ ይህችን ሸረሪት ከየትኛውም መጽሐፍ እንደማታውቃት ተናገረች። ለሳይንስ አዲስ ልትሆን ትችላለች፤ እስክመጣ ጠብቁልኝ አለች።

ፋጤ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው። «መርዟስ? ሰው ትጎዳለች?»

«የኔ እህት፣ እዚህ ዘመዶቿ ሰው ሲጎዱ አልሰማንም። ስለሷ ግን ማንም አያውቅም። እንዴት ይታወቃል? እስከ ዛሬ መጽሐፍ ውስጥ የለችም እኮ።»

ፋጤ እውነቱን ሳትቀንስ ለሽማግሌዎቹ ነገረች። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። እውነቱም ነገሩን አባሰው። የምትታወቅ ብትሆን እንተዋት ነበር፣ ስም እንኳ የሌላትን ነገር ማን ዋስ ይሆናታል አሉ። የዚያን ዕለት እትዬ ዘሐራ ከቀፎ ቀፎ ሲዞሩ ዋሉ። ምንም አይሠሩም፣ እጃቸውን ቀፎው ላይ እያሳረፉ ይቆማሉ ብቻ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወንዶቹ ክብሪትና መርጫ ይዘው ጥቁሬ ዳር ተሰበሰቡ። አሁን ሰዓዳ መጣች። ሙሄን ሳትጠይቅ፣ ፋጤን ሳትጠይቅ፣ ወንዱ ያለበትን ብልቃጥ ከመደርደሪያ አንስታ ነው የመጣችው። ሽማግሌዎቹ ፊት ቁጭ አለች፣ ክንዷን ድንጋይ ላይ ዘረጋች፣ ሸረሪቱን ክንዷ ላይ ገልብጣ በሻይ ብርጭቆ ደፋችበት። ሸረሪቱ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። መንከስ አልፈለገም፤ እንደ መንደሩ ሰው ቸኩሎ የሚፈርድ አልነበረም። ሰዓዳ ብርጭቆውን ጫን አደረገችው። ነከሳት። ሁለት ቀይ ነጥብ ሁሉም አየ። እናቷ ስሟን ጠርተው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ብርጭቆው ሲነሳ የሸረሪቱ አንድ እግር ተቆርጦ ቀረ። ፋጤ ወንዱን ቀምታ ብልቃጡ ውስጥ መለሰችው።

ሸህ አረቡ ሁሉም እስከ ዐስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት፣ እንዲጠብቅ አዘዙ። ጠበቁ። የንቦቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሰዓዳ ደህና ናት። ቀልድ እየነገረች ነው፣ ማንም አይስቅም። ከዚያ በድንገት ዐይኗን ገለበጠች፣ አንገቷ ዘንበል አለ፣ ዘፍ ብላ ወደቀች። እትዬ ዘሐራ ጮኸው ላይዋ ላይ ወደቁ። አንዱ ወጣት ክብሪቱን ጫረ።

ሰዓዳ አንድ ዐይኗን ገለጠች። ሳቋ አመለጣት፤ ክብሪቱም በወጣቱ እጅ ላይ ጠፋ።

ምን እንደተባለች አልነግራችሁም። ሰዎቹ ተነሱ። ታሾፍብናለች፣ ንክሻውም ቀልድ ነው፣ ብርጭቆው ነው የቧጨራት፣ እንጀምር አሉ። ዘጠኙ ቀፎ ለአንዲት ሳቅ ሊያልቅ ነበር። ሙሄ፣ ያ ቀርፋፋው ሙሄ፣ ሄዶ መርጫው ላይ ተቀመጠ። የሚያስነሳው ጠፋ። ሸህ አረቡ ሰዓዳን አይተው፣ ቀልድ ከሆነ መሽቶም ደህና ትሆናለች፣ እስከ መግሪብ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ፣ እንጠብቅ አሉ።

አሁን ስሙኝ፣ ይቺን ክፍል ሳታዳምጡ ፍርድ አትስጡ። ከቀልዱ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ካዞረባት በኋላ፣ የሰዓዳ ክንድ እውነትም መጋል ጀመረ። የተነከሰችበት ቦታ አበጠ፣ ባቄላ አከለ፣ ከዚያም ከባቄላ አለፈ። ላቧ መጣ። ብትናገር ማንም አያምናትም። ቢያምኗት ደግሞ ክብሪቱ ይጫራል። እጅጌዋን ዝቅ አደረገች። ፋጤ ብቻ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«ፋጤ» አለቻት በሹክሹክታ፣ «አሁን እየቀለድኩ አይደለም።»

ፋጤ ፊቷን አየቻት። ከዚያም ማንንም ሳትጠራ እጇን ያዘች። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደያዘቻት ቆየች፤ በሌላኛው እጇ የልብ ትርታዋን እየቆጠረች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። መግሪብ ሲቃረብ እብጠቱ ቆመ። አዛን ሲሰማ መቀነስ ጀምሮ ነበር። ሰዓዳ ተነስታ እጅጌዋን ሰብስባ ለሸህ አረቡ አሳየቻቸው፤ ቀይ ነጥብና ትንሽ እብጠት፣ ሌላ ምንም። ሽማግሌው ክንዷን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩ።

«ይብቃ፣ መርጫውን ወደ ቤት መልሱት» አሉ።

ሐሊማ በሳምንቱ እየተፍነከነከች ተመለሰች። ምን እንደነከሳት እስከ ዛሬ አይታወቅም። ዶክተር ሶስና መጥታ ነገሩን ስትሰማ ሰዓዳን በጣም ተቆጣቻት። አንዲት ክንድ ምስክር አትሆንም፣ ለሕፃን ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ደግሞም ልትሞቺ ትችዪ ነበር አለቻት። ሁለቱን ሸረሪቶች ከነአረቄው፣ ከነብልቃጡ፣ ከነወረቀታቸው፣ ከተቆረጠው እግር ጋር ይዛ ሄደች።

ከአምስት ወር በኋላ ደወለች። ሸረሪቷ እውነትም አዲስ ናት። መግለጫው ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ስሟ ብቻ ነው። ከቤታችሁ በአንድ ሰው ስም እሰይማታለሁ፣ ልጆቹ አይስማሙም ብዬ ስለምገምት እናታቸው ይምረጡ፣ ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ አለች። በሜዳው ስም ትጠራ፣ በእናትየው ስም ትጠራ ብላችሁ እንዳታመልጡኝ። እትዬ ዘሐራም ሞክረውታል። ዶክተሯ፣ ከሦስቱ አንዱ ባይኖር ሸረሪቷ አትኖርም ነበር፣ ከሦስቱ ይሁን አለች።

ያ ሰንበት ቤቱ ውስጥ ሰላም አልነበረም። ፋጤ ያገኘውማ ሙሄ ነው ስትል፣ ሰዓዳ ድንጋይ ያነሳ ሁሉ ካገኘ እረኞቹ ሁሉ አግኝተዋታል፣ አዲስ መሆኗን ማን አወቀ አለች። ሙሄ፣ ፋጤ ባታውቅ እኔ አርባ ሸረሪት የያዝኩ ሞኝ ነበርኩ አለ። ቀጥሎም፣ ሰዓዳ ባትኖር ግን የፋጤ እውነት ራሱ ሜዳውን ሊያስቃጥል ነበር አለ። ፋጤ ደግሞ፣ በሰዓዳ ሳቅም ሊቃጠል ነበር፣ ያዳነው መርጫው ላይ የተቀመጠው ነው አለች። እንዲህ ሆዳቸውን ደብቀው አንዱ ለሌላው ሲሟገቱ፣ እናትየው የሚያውቁትን ያውቃሉ። ሙሄ ስሙ በአረቄ ተነስቶ የዘይነባ መልስ እስካሁን አልመጣም፤ ያ አረቄ ለምን እንደተገዛ መጽሐፍ ላይ ቢወጣ አባትየው አፍ አይኖራቸውም። የፋጤ ስም መጽሐፍ ላይ ቢወጣ ያመለጣትን የዩኒቨርሲቲ በር ባይከፍትላት እንኳ ያንኳኳላታል። ሰዓዳ ደግሞ በሕይወቷ አንድ ነገር ብቻ፣ አንዲት እውነት የሆነች ነገር፣ በስሟ እንድትጠራላት ትፈልጋለች።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ዘሐራ ኮረብታው ላይ ወጡ። ስልኩ የሚሠራው አንዲት ድንጋይ ላይ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ጥቁሬ ስትመልሱ ብቻ ነው። ከበታቻቸው ዘጠኙ ቀፎ ይታያል። ሦስቱ ልጆች ከኋላቸው ቆመዋል፤ አንዳቸውም ወደ እናታቸው አይመለከቱም። ሙሄ ጫማውን እያሰረ ነው። ፋጤ እጇን ኪሷ ከታለች። ሰዓዳ ክንዷን፣ ያቺን ቦታ፣ እያሻሸች ነው።

ስልኩ ጠራ። እትዬ ዘሐራ አነሱት።

«እሺ እትዬ ዘሐራ» አለች ዶክተር ሶስና፣ «የማን ስም ልጻፍ?»

ኔትወርኩ እንደሆነ አያስተማምንም፤ አሁን አለ፣ አሁን የለም። እናትየው አፋቸውን ከፍተዋል፣ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። እኔ እዚህ ላይ አቆምኩ። ያዳመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ጣቱ ተልጦ ላገኛት፣ ማንነቷን አይታ እውነቱን ሳትሸራርፍ ለተናገረችው፣ ወይስ ክንዷን ሰጥታ ለተነከሰችው፣ ለየትኛው ይገባል? ቶሎ በሉ፣ ስልኩ ሊቋረጥ ነው፤ የማንን ስም ይጥሩ?